የአእምሮ ሕመም ክኒንና የረመዳን ዝምታችን

ረመዳን በገባ ቁጥር ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት መድኃኒት እንጠያየቃለን። ሐኪሙንም ኡስታዙንም እናማክራለን፤ እናታችን መርፌዋን መቼ እንደምትወጋ ስንጠይቅ አናፍርም። እዚያው ቤት ውስጥ የአእምሮ ሕመም ክኒን የሚወስድ ወንድም ካለ ግን ጥያቄው አይነሳም። እሱም ከሰው እኩል ልጹም ብሎ ክኒኑን ይተወዋል፤ እኛም አይተን እንዳላየን እናልፋለን። ሕመሙ ሲያገረሽበት ጂን ነው፣ ዓይን ነው እንላለን።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያለን ሙስሊሞች ቁጥራችን ብዙ ስላልሆነ አንዳችን የሌላችንን ቤት እናውቃለን። ለቅሶና ሠርግ ላይ ይህ ጸጋ ነው። የአእምሮ ሕመም ሲመጣ ግን ያው መተዋወቅ ያስፈራናል፤ የታማሚው እህት ባል ታጣለች ብለን እንሰጋለን። ከከተማችን ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ አማኑኤል የምትባል ከተማ አለች። አማኑኤል ደርሼ መጣሁ ያለ ሰው ገበያ እንደሄደ ይታሰባል። አዲስ አበባ ያለውን ሆስፒታል ለማለት ሲሆን ግን ይኸው ስም በሹክሹክታ ነው የሚነገረው።

ይህ መደበቃችን ተጠንቷል። ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት በቡታጅራ አካባቢ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቀዋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከቤተሰቦቻቸው መካከል 178 ሰዎች ተጠይቀው ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ሕመሙን መደበቅ የሚፈልጉት ደግሞ ከሦስት አንድ በላይ ነበሩ። ውጤቱ የታተመው በእንግሊዝኛ፣ በሐኪሞች መጽሔት ላይ ነው። ስለ ጭንቀታቸው የመሰከሩት እናቶችና አባቶች በአማርኛ ቢያገኙት ኖሮ፣ ቢያንስ ይህ ነገር የእነሱ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

ጥናት ሁሉ ለተራ ሰው የሚከብድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በአገራችንም በአማርኛ የተሠራበት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ አለ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው፤ የሚጠይቀውም ስላለፉት 30 ቀናት ነው። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካም፣ ስለ ማልቀስ፣ ስለ ሥራ መስነፍ ይጠይቃል። በረመዳን እንቅልፍ መዛባቱና ቀን ላይ መድከሙ የጾሙ ሊሆን ይችላል፤ ራስ ምታቱማ የቡና ወዳጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የማልረባ ሰው ነኝ ማለት፣ ይወዱት ከነበረው ነገር ሁሉ መራቅ፣ መኖርን መጥላት ግን ከጾም የሚመጡ አይደሉም። ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ዒድ እስኪያልፍ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ፤ ብቻውንም አይተው።

ስለ ክኒኑም ቢሆን የሙስሊም አገር ሐኪሞች አጥንተዋል። ባይፖላር ለሚባለው ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም፣ ሰውነት ውኃ ሲያንሰው በደም ውስጥ ሊበዛና ሊመርዝ ይችላል። በሞሮኮ ካዛብላንካ 20 ታማሚዎችን በረመዳን የተከታተሉ ሐኪሞች ከግማሽ ትንሽ ባነሱት ላይ ሕመሙ እንዳገረሸ አዩ። በፓኪስታን ደግሞ 62 ታማሚዎች ተጠንተው የመድኃኒቱ መጠን በደማቸው ውስጥ ብዙም አልተለወጠም። እንግዲህ አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ወይ ማንም አይጹም ይላል፣ ወይ ምንም አይደለም ይላል። ሁለቱንም ላየ ሰው ግን ነገሩ እንደ ታማሚው ይለያያል፤ ስለዚህ የሚያክመው ሐኪም ከጾሙ በፊት ሊጠየቅ ይገባል። ክኒኑን ወደ ፍጥርና ወደ ሱሑር ማዛወር የሚቻልለት አለ፤ መጾም የሌለበትም አለ። በሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድ እግሩ የተሰበረውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አለመጾሙን የኢማን ድክመት አድርገን ስናወራ ክኒኑን የምናስጥለው እኛው ነን።

ሩቅያና ዱዓ ይቅር አላልንም። ከ1,000 ዓመት በፊት የኖረው ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ፣ ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘንንና ምክንያቱ የማይታወቅ ሐዘንን ለይቶ ጽፏል፤ ሰውነትና ነፍስ አብረው እንዲታከሙም መክሯል። የታመመ ሰው ዱዓ እየተደረገለት ክኒኑን ቢውጥ ማን ይከለክለዋል?

በከተማችን ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ስለ ድባቴና ስለ ጭንቀት የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉ። የጻፉትን በአንድ ገጽ አማርኛ አሳጥረው ቢሰጡን እናነበዋለን። መስጊዶቻችንም በሻዕባን፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ጋብዘው ከዒሻ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡት፣ ሴቶችም ጥያቄያቸውን ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት እንዲያቀርቡ ቢደረግ፣ ወጪው ከአንድ የፍጥር ግብዣ አይበልጥም። የዘንድሮው ሻዕባን አልፏል፤ ክኒኑን የተወ ሰው ያለበት ቤት ግን ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ መሄድ ይችላል።