ቀላል የሚመስለው የፍየል በሽታና የባቲ ገበያ

ሰኞ ሰኞ በሚቆመው የባቲ ገበያ የአፋር ቆላ ፍየልና የወሎ ደጋ በግ ጎን ለጎን ይውላሉ። ደስታ መሰል ለተባለው የበግና የፍየል በሽታ ከዚህ የተመቸ መሸጋገሪያ አይገኝም።

በሽታው አንዱን መንጋ ሲፈጅ ሌላውን በንፍጥ፣ በሳልና በተቅማጥ ብቻ አልፎት ይሄዳል። ቫይረሱ አራት የዘር ሐረጎች አሉት፤ በአገራችን ቀድሞ ሦስተኛው፣ በኋላ አራተኛው ተገኝቷል። ይሁንና ጉዳቱን የሚያከብደው የሐረጉ ዓይነት ብቻ አይደለም። ፍየል ከበግ፣ ግልገል ከእናቱ፣ በድርቅ የከሳም ከጠገበው ይልቅ ይሞታል። በአንዱ ቤት ቀላል የነበረው በጎረቤት በረት ሊከፋ የሚችለው ስለዚህ ነው።

ቀላሉ ዓይነት ደግሞ ተደብቆ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው የከብት ደስታ አንዱ ሐረግ በምሥራቅ አፍሪካ ከብቶች ላይ እምብዛም ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በኬንያ ጻቮ ጎሾችን ፈጅቷል። ከባዱን ዝርያ ከአፋር ያስወጡት ግን ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው ከመንጋው ጋር የተጓዙ የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ናቸው።

የአፍተግር ክትባት ከቫይረሱ ዓይነት ጋር መግጠም አለበት። ለደስታ መሰል ግን አንዱ ክትባት አራቱንም ሐረጎች ይከላከላል፤ ቢሾፍቱም ይመረታል። እንግዲህ ሐረጉን መጠየቅ ለቤተ ሙከራ ይቆይ። አርቢው ሳይታመሙ ያስከትብ፤ ከገበያ የገዛውን ፍየል ለሦስት ሳምንት ለብቻው ይሰር፤ የሚያስለውንም ለሰኞ ገበያ አያውጣ።