ስለ ረዣዥም ቤቶችና ስለ ሥራቸው

ልጆች ሆይ፥ ከየካ ሚካኤል ተነሥቶ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ጥቂት ከሄደ በኋላ ዘወር ቢል አዲስ አበባን ከእግሩ በታች ተዘርግታ ያያታል። በአያቶቻችን ዘመን ከዚያ ላይ የሚታየው የባሕር ዛፍ ጫፍና የቆርቆሮ ጣራ ነበረ። ዛሬ ግን ከቆርቆሮው መካከል ሰማይ ጠቀስ የሚባሉ ረዣዥም ቤቶች በቅለው ይታያሉ። ልጆችም እነርሱን ባዩ ጊዜ ወዲያው ፎቃቸውን መቍጠር ይጀምራሉ፤ አንዱ ሠላሳ ነው ሲል ሌላው የለም ሠላሳ ሁለት ነው ይላል፥ ክርክሩም እስከ ማታ አያልቅም። መቍጠር መልካም ትምህርት ነው። ነገር ግን ቤትን በቁመቱ ብቻ የሚመዝን ሰው ዋናውን ነገር ሳይቈጥር የሚቀር ይመስለኛልና፥ ስለዚሁ ጥቂት ልነግራችሁ እወዳለሁ።

በከተማው ካሉት ቤቶች ሁሉ በቁመት የሚበልጠው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቁመቱም ከ200 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ይህ ለእኛ ታላቅ ነው። በዱባይ ከተማ ያለው ቡርጅ ኸሊፋ የሚባለው ቤት ግን 828 ሜትር ነው፤ በታኅሣሥ ወር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፥ ከዚያም ወዲህ እርሱን የሚበልጥ ተሠርቶ ያለቀ ቤት በዓለም የለም። የእኛን የመሰሉ አራት ቤቶች አንዱን ባንዱ ላይ ብትደራርቡ የዱባዩን ያህል ይሆናሉ ማለት ነው።

የቀድሞ ሰዎች እንዲህ ያለ ቤት ያልሠሩት ስለ ሰነፉ አይደለም። በድንጋይ ግንብ የቤቱን ክብደት ሁሉ የሚሸከመው ግድግዳው ነውና፥ ቤቱ በረዘመ ቍጥር የታችኛው ግድግዳ መወፈር ነበረበት፤ እጅግ ቢረዝም ግድግዳው ምድር ቤቱን ሞልቶ ለሰው መቀመጫ አይተርፍም ነበር። ደግሞስ በየቀኑ ሃያ ፎቅ በእግሩ የሚወጣ ማን ነው? በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ በኒው ዮርክ በገመድ በተንጠለጠለ መድረክ ላይ ቆሞ፥ ሕዝብ እያየው ገመዱን አስቈረጠው፤ እርሱ ያበጀው መያዣ ግን መድረኩን ከመውደቅ አዳነው። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ አሳንሰርን እያመነ ሄደ። በ1885 ደግሞ በቺካጎ ከተማ ዊልያም ለባሮን ጄኒ የሚባል መሐንዲስ ክብደቱን የብረት አጥንት የሚሸከምለት ባለ 10 ፎቅ ቤት ሠራ። ግድግዳው እንደ ቆዳ፥ ብረቱ እንደ አጥንት ሆነ። ያ ቤት በ1931 ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ 381 ሜትር የሆነው ኢምፓየር ስቴት ተመረቀ።

ረዥም ቤት ከክብደቱ ይልቅ የሚፈራው ጠላት ነፋስ ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም፤ በእንጦጦ ጥግ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋልና። ነፋስ በተነሣ ጊዜ በተራራው ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ተመልከቱት። አጭሩ ቍጥቋጦ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የረዥሙ ጫፍ ግን ወዲያና ወዲህ ይላል። ጐንበስ ማለትን ባያውቅ ኖሮ ይሰበር ነበር። ሰማይ ጠቀስም እንደዚሁ ነው፤ ጫፉ ጥቂት ይወዛወዛል፥ መሐንዲሱም የሚደክመው በልክ እንዲወዛወዝ ነው እንጂ ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ አይደለም። በታይዋን አገር ታይፔ 101 የሚባለው 508 ሜትር የሆነው ቤት በላይኛው ፎቆቹ ውስጥ 660 ቶን፥ ይኸውም 6,600 ኩንታል የሚመዝን ድብልብል ብረት ተንጠልጥሎበታል። ነፋስ ቤቱን ወደ አንዱ ወገን ሲገፋው ያ ብረት ወደ ሌላው ወገን እየሄደ ንቅናቄውን ያበርደዋል። እንስራ ያዘለች ሴት መንገዱ ባዘነበለባት ጊዜ ሰውነቷን ወደ ሌላው ወገን እንደምታደርግ ነው። የዱባዩ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ሦስት ክንፎች አሉት፤ ሦስቱም እንደ ሦስት ጉልቻ ሆነው መካከለኛውን ግንድ ይደግፉታል። ወደ ላይ በወጣ ቍጥርም ክንፎቹ በየተራ ያጥራሉ፤ ስለዚህ ነፋሱ በየከፍታው ልዩ ልዩ ቅርጽ ይገጥመውና ኀይሉን አንድ አድርጎ ሊመታው አይችልም።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። በአማርኛችን የሰዎች ሥራና የዛፎች ሥር «ሥራቸው» ሲባሉ በጽሕፈት አይለዩም፤ በረዥም ቤት ነገርም እንዲሁ አይለዩም። የዱባዩ ቤት ውፍረታቸው አንድ ሜትር ተኩል በሆነ፥ ወደ ምድር 50 ሜትር ያህል በወረዱ 192 የአርማታ ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ሃምሳ ሜትር ማለት ራሱ የአንድ ባለ ዐሥራ አምስት ፎቅ ቤት ቁመት ነው። ነገር ግን ወደዚያ የሄደ እንግዳ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ወደ ታች የሚጠይቅ የለም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ነገር ለመማር ወደ ባዕድ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ በአክሱም በድንጋይ ላይ ይታያልና። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች በአራተኛው መቶ ዓመት ገደማ ተሠሩ። ድንጋዩ የተቈረጠው ከከተማው በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከጎቦድራ ተራራ ነው። ሐውልቶቹ የተቀረጹት በቤት አምሳል ነው። ከታች በር አላቸው፤ ከበሩ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ ተደርድሯል፤ በየፎቁም መካከል የወራጅ እንጨት ጫፍ የሚመስል ቅርጽ አለ። እንግዲህ አባቶቻችን በቺካጎ ባለ ዐሥር ፎቅ ቤት ከመሠራቱ 1,500 ዓመት አስቀድሞ ባለ ብዙ ፎቅ ቤትን በድንጋይ ላይ ሥለውት ነበር።

ከሐውልቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ርዝመቱ 33 ሜትር፥ ክብደቱም 520 ቶን ያህል ነው፤ የተቀረጸበትም ፎቅ 13 ነው። ሰው ሊያቆማቸው ከሞከራቸው የዓለም ድንጋዮች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ዛሬ ግን ቆሞ አታዩትም፤ ተሰባብሮ በምድር ላይ ተጋድሟል። ሊቃውንት መርምረው እንደሚሉት ሲያቆሙት ወይም ከቆመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ወደቀ፤ ሲወድቅም ነፋስ ማውጫ የሚባለውን የመቃብር ቤት ክዳን ደበደበው። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢባል፥ ከ33 ሜትሩ ውስጥ በምድር እንዲቀበር የተተወለት 3 ሜትር ያህል ብቻ ነበርና ነው። በንጉሥ ኢዛና ስም የሚጠራው ሐውልት ከእርሱ በቁመት እጅግ ያንሳል፤ ከ20 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ይኸኛው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። በመካከላቸው ያለው 24 ሜትር የሆነው ሐውልት ደግሞ ብዙ መከራ አይቷል፤ በጥንት ዘመን ወድቆ ሳለ ኢጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ወሰዱት፥ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተመለሰ፥ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ በስፍራው ተተከለ።

የወደቀውን ሐውልት የጠረቡት ሰዎች ጥበብ አልጐደላቸውም፤ ሥራቸውን ያየ ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። እኔ ግን ከዐሥራ ሦስቱ ፎቅ ሁለቱን ቀንሰው ለምድር ቢተዉላት ኖሮ ምናልባት ዛሬ ቆሞ እናየው ነበር ብዬ አስባለሁ። የሚታየውን ሲያስረዝሙ የማይታየው አጠረባቸው።

በእኛው ተራራ ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ የሆነ ሕንፃ አለ። ከየካ በላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ሌላው ቤት ከመሠረት ተጀምሮ በጣራ ይጨረሳል፤ እንደዚህ ያለው ግን ከላይ ተጀምሮ በወለሉ ይጨረሳል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚያስቀምጥ ግንበኛ ቢሳሳት አንሥቶ ያቃናል፤ አለት የሚፈለፍል ሰው ግን አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመታ የወደቀውን ፍንካች መልሶ ሊያስገባው አይችልም። ከከተማው ስትታዩ ከፍ ብሎ የሚታያችሁ አንዳች ነገር የለውም። ቢሆንም ግድግዳውም ምሰሶውም ከተራራው ጋር አንድ አካል ነውና፥ መሠረቱ ተራራው ራሱ ነው።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ የጥንቱን ለማመስገን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከታላቁ የስምጥ ሸለቆ ዳር ያለች ከተማ ናት። በ1898 ዓ.ም. በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ነበር። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ በኩል የተነሣው የማጀቴን ከተማ አፈረሳት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትነቃነቅ በከተማችን ከፍ ባሉ ፎቆች የሚኖሩ ሰዎች ተሰምቷቸው በሌሊት ልጆቻቸውን ታቅፈው ወደ ደጅ ወጡ። በዚያች ሌሊት የፎቁን ብዛት ማን አመሰገነ? ሁሉም በልቡ የጠየቀው ቤቱን የሠራው ሰው ታማኝ እንደ ነበረ ነው።

ታማኝነቱም የሚታወቀው በማይታየው ስፍራ ነው። አርማታ ሲጫኑት ብርቱ ነው፥ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በውስጡ ፌሮ የሚባለው ብረት ይገባበታል፥ መሳቡን የሚችለው ብረቱ ነውና። ከሲሚንቶው ጥቂት የቀነሰ፥ ከፌሮውም አንዱን ያስቀረ ሰው ልስኑ ካለቀ በኋላ ማንም አያየውም። ደግሞም አርማታ በአንድ ቀን አይጠነክርም። መሐንዲሶች ጥንካሬውን የሚለኩት በ28ኛው ቀን ነው፤ እስኪጠነክርም ድረስ ውሃ እያጠጡ፥ ከታች እየደገፉ ይጠብቁታል። በከተማችን በብዙ ስፍራ የሚደግፈው ማን ነው? ከእንጦጦና እርሱን ከመሰሉ ኮረብታዎች የመጣ ባሕር ዛፍ ነው። ሠራተኛውም የሚወጣበት መወጣጫ እርሱ ነው፤ በባሬላ አርማታ የሚያመላልሱት የቀን ሠራተኞች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ በእርሱ ላይ ይረማመዳሉ። ቤቱ ሲያልቅ አጣናው ይፈርሳል፥ ሠራተኞቹም ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳሉ፤ በምረቃው ቀን የሚያስታውሳቸው ብዙ አይደለም። አጣናውን ለሌላ ቤት ፈልጎ፥ ወይም ኪራዩን ፈርቶ፥ ቀኑ ሳይደርስ የሚያነሣ ባለቤት ግን በሰው ነፍስ ላይ ይነግዳል።

ረዥም ቤት ከነጭራሹ አይሠራ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። ሕዝብ በዝቷል፥ መሬቱም አይሰፋም። ሁሉ ሰው በየግቢው ጠፍጣፋ ቤት ብቻ ይሥራ ቢባል ከተማው በዙሪያው ያለውን የጤፍና የስንዴ እርሻ ይውጠዋል። ወደ ላይ መውጣት ለአራሹም ይጠቅማል። ከሌላው ለመብለጥ ብቻ የሚጨመርን ፎቅ ግን አልወደውም፤ ከታች ያለው ሳይጠየቅ የተጨመረ ከሆነ ደግሞ እፈራዋለሁ።

በየግንባታው አጥር ላይ ሰሌዳ ይሰቀላል። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፥ ተቋራጩ ማን እንደ ሆነ፥ አማካሪው ማን እንደ ሆነ ይነበብበታል፤ ስንት ፎቅ እንደሚሆንም ይጻፍበታል። ፈቃዱ ለእኔ ቢሆን ከዚያ በታች ሁለት መሥመር አስጨምር ነበር፤ አንደኛው መሠረቱ ስንት ሜትር እንደ ወረደ፥ ሁለተኛውም የየፎቁ ድጋፍ በስንተኛው ቀን እንደ ተነሣ የሚናገር። ንባብ የተማረ ልጅ ሁሉ በትምህርት ቤት መንገድ ሲያልፍ ቆሞ ያነበው ነበር፤ ልጅ የሚያነበውን ነገር ደግሞ ባለቤቱ በሐሰት ለመጻፍ ያፍራል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ እስኪመጣ ድረስ ግን ፎቅ ከመቍጠራችሁ በፊት ጕድጓዱ ሳይሞላ ተመልከቱት፤ ከሞላ በኋላ ማንም አያየውምና። ስትመለከቱም ከአጥሩ ውጭ ሁኑ፥ በክረምት ይልቁንም ወደ ዳሩ አትቅረቡ፤ ዝናብ የጠጣ አፈር ሳይታሰብ ይናዳል።