ኑሮ በዘዴ፦ ሳይቃጠል በቅጠል

 

በገበያ ላይ እንደ መቀነት የተጠቀለለ መብራት ይሸጣል። ኤልኢዲ ይባላል። የአንዱ ጥቅል ርዝመት ብዙ ጊዜ 5 ሜትር ነው። ከጀርባው ማጣበቂያ አለው። ኃይል ይቆጥባል፤ እንደ ኩራዝም አይጨስም። ታዲያ ለቤታችን ስንገዛው ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቁጥሩን እናንብብ። ቮልት የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ ነው። 12 ከተባለ ለ12 ቮልት ባትሪ ነው። 220 ከተባለ ለመስመር መብራት ነው። የ12ቱን በ220 ብንሰካው ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። "ባለሱቁ ይሠራል ብሎኛል" ማለት አይበቃም። ቁጥር ተምረን የለም እንዴ? በገዛ ዓይናችን እናንብብ።

ሁለተኛ፣ + እና - እንፈልግ። በሂሳብ የተማርናቸው ምልክቶች ናቸው። የመብራቱ + ከባትሪው +፣ የመብራቱ - ከባትሪው - ጋር ይገናኝ። ከተገለባበጠ አይበራም።

ሦስተኛ፣ በደንብ እንለጥፈው። የጭቃ ግድግዳ አቧራ ስላለው ማጣበቂያው አይዝም። ለስላሳ ጣውላ ግድግዳው ላይ እንምታ። በደረቅ ጨርቅ እንወልውለው። ከዚያ መብራቱን እንለጥፍ። ከሣር ክዳኑ ራቅ ይበል። ማሳጠር ከፈለግን የመቁረጫ ምልክት ባለበት ብቻ እንቁረጥ። እንደተጠቀለለ ደግሞ አናብራው፤ ይግላል።

አራተኛ፣ ሽቦ ስንቀጥል ናስትሮ እንጠቀም። የካርቶን ማሸጊያ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ፌስታል ለሽቦ አይሆኑም። በመጀመሪያ ሽቦውን ከባትሪው እንንቀል። ሁለቱን ሽቦዎች ለየብቻ እንጠቅልል። ናስትሮውን ሳብ እያደረግን፣ ግማሽ በግማሽ እየደረብን ሁለት ሦስት ጊዜ እናዙረው። የተላጠው ቦታ ፈጽሞ አይታይ።

"12 ቮልት ሰው አይገድል፤ ምን ያደርጋል?" የሚሉ አሉ። ከባትሪ የመጡ ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ቢነካኩ ግን በጣም ይግላሉ። ከሣር ክዳን ሥር ከሆኑ ቤት ያቃጥላሉ። ልጆች ተኝተው ይህ ቢደርስ ምን ይሆናል? የ220ውን ሥራ ደግሞ ለባለሙያ እንተው።

የአንድ ጥቅል ናስትሮ ዋጋ ትንሽ ነው። ቁጥር ማንበብ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች
1. 12 የተጻፈበትን መብራት በ220 ብንሰካው ምን ይሆናል?
2. ሁለቱን ሽቦዎች ለየብቻ የምንጠቀልለው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ያለው ባትሪ ላይ ስንት ቁጥር ተጽፏል? አንብባችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።