የቅጂ መብት ይከበር፤ አዝማሪውም ይደመጥ

የጎንደር አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ የተጫወተውን ዩቲዩብ ላይ ቢጭን፣ «የኔ ነው» ባይ ከመጣ ሊወርድበት ይችላል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ደግሞ ቻናሉ ራሱ ይዘጋል። እርግጥ ነው፣ የአሜሪካው የ1998 እ.ኤ.አ. ሕግ ለተከሰሰው የመልስ መብት ይሰጣል። ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ መልሱ በምን ይላክ ነበር?

አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከያኒውን ድካም መጠበቁ ተገቢ ነው። የሰው ሥራ ሰርቆ መሸጥ ሌብነት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን የማንም የግል ርስት አይደሉም። ስለዚህ ሕጉ ሲሻሻል ከሳሽ ማስረጃ ያቅርብ፤ ተከሳሽ ሳይደመጥ ሥራው አይውረድ፤ በሐሰት የከሰሰ ካሳ ይክፈል። መንግሥት ኢንተርኔት የዘጋበት ቀንም ከመልስ መስጫው ጊዜ አይቆጠር።