ጋሼን ወደ ገበታ የመለሰች ፈጢራ

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ዓምድ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ስንጫወት ቆይተናል፤ ዛሬ ግን ወደ ማድ ቤት እንድንገባ እጋብዛለሁ። «መምህርንና ምጣድን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ታሪኩን ሰምቶ ይፍረድ።

እኔ በሐረር የምኖረው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአንድ ጡረተኛ ጸሐፊ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ባልና ሚስቱን ጋሼና እትዬ እላቸዋለሁ። እሑድ እሑድ ጧት እትዬ ፈጢራ ይሠራሉ። ፈጢራ በሐረር፣ በድሬዳዋና በጅጅጋ የታወቀ ቁርስ ነው፤ ይኸውም የስንዴ ሊጥ እንደ ሻሽ እስኪሳሳ ተለጥጦ፣ እንቁላል ተደርጎበት፣ እንደ ፖስታ ታጥፎ፣ በብረት ምጣድ ላይ በዘይት የሚጠበስ ነው። አንዳንዱ በማር፣ አንዳንዱ በሽንኩርትና በቃሪያ ይወደዋል።

ዘንድሮ ግን ሐኪም ጋሼን «በደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል፤ ቅባት ይቀንሱ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ እኛ ፈጢራችንን ስንቆርስ እርሳቸው ከጠረጴዛው ጫፍ ደረቅ ዳቦ በሻይ ይዘው ይቀመጡ ጀመር። አንድ እሑድማ «እናንተ ብሉ፤ እኔ ጋዜጣዬን ላንብብ» ብለው ወደ በረንዳ ወጡ። እትዬም እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። አንድ ሰው ከገበታ ሲጎድል ለቀሩት ምግቡ እንደማይጣፍጣቸው ያን ዕለት አየሁ።

እኔም እንደ ልማዴ ወረቀት አነሣሁ። እትዬ ለአንድ ፈጢራ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያፈሳሉ። አንዱ ማንኪያ 14 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ሊጡ ሁሉንም ከጠጣው ከዘይቱ ብቻ 380 ካሎሪ ገደማ ይገኛል ማለት ነው። ዘይቱም የሚረጋው የፓልም ዘይት ነበረ፤ ከእርሱም ግማሽ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይበጀው ዓይነት ስብ ነው።

«እንግዲያው ዘይቱን ፈጽሞ እንተወው» አልኩ። እትዬ ሳቅ ብለው ምጣዱን ለቀቁልኝ። የወጣው ነገር ግን ፈጢራ ሳይሆን ቁርበት ሆነ፤ ጋሼም ቀመስ አድርገው «ይህንስ ለጫማ ሰፊው ውሰድለት» አሉ።

ጥፋቱ የት እንደ ሆነ ኋላ ገባኝ። ፈጢራን ቀላልና ስስ የሚያደርገው ዘይቱ ሳይሆን እንፋሎቱ ነው። ውሃ ሲተን ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ ስለዚህ በታጠፈው ሊጥ ውስጥ ያለው ውሃ ምጣዱ ሲግል ተኖ ንጣፉን ከንጣፍ ይለያየዋል። ፈረንጆች በሁለት የጋለ ብረት መካከል የሚጋግሩት ዋፍልም የሚነፋው በከፊል በዚሁ በእንፋሎት ነው። የዘይቱ ሥራ ንጣፎቹ እንዳይጣበቁ መከልከል ብቻ ስለ ሆነ ጥቂት ይበቃል። ሁለተኛው ጥፋቴ ችኮላ ነበረ፤ ወዲያው የታሸ ሊጥ ሲለጥጡት እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል፤ ያረፈ ሊጥ ግን ለእጅ ይታዘዛል።

ስለዚህ ለስድስት ሰው እንዲህ አደረግን። 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ320 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ አቡክተን 10 ደቂቃ አሸነው። በስድስት ድቡልቡል ከፍለን፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነን 1 ሰዓት አሳረፍነው። ከዚያ ጠረጴዛውን በዘይት አበስ አድርገን አንዱን ሊጥ ለጠጥነው፤ አንድ እንቁላል ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር መትተን መካከሉ ላይ አፈሰስን፤ አራቱን ጎን አጥፈን በጋለ ምጣድ ሁለቱንም ፊት አበሰልነው። ለጋሼ አስኳሉን ትተን ነጩን ብቻ መታንላቸው። በጾም ቀን እንቁላሉ ይቀርና አትክልቱ ብቻ ይገባል። ለአንዱ ፈጢራ በጠቅላላው አንድ የሻይ ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በቃ፤ ይኸውም ከ45 ካሎሪ አይበልጥም።

ደመወዝ ሳይደርስ ዘይት የሚያልቅበት ወጣት ሠራተኛም ይህን ያስላ፤ በፊተኛው አሠራር አንድ ሊትር ዘይት 22 ፈጢራ ያህል ይጠብስ ነበር፤ በአሁኑ 200 ያደርሳል።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ጋዜጣቸውን አጥፈው ከመካከላችን ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ቆርሰው እትዬን አጎረሱ፤ ቀጥሎም ራሳቸው ቀምሰው «ደኅና ነው፤ ግን ዘይት ይጎድለዋል» አሉ።

እትዬም «የጎደለው ይጉደል፤ እርስዎ ብቻ አይጉደሉ» ብለው መለሱላቸው።

አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ሐኪም ምግብ የከለከለው አባት ወይም እናት ቢኖርህ፣ ስለሚበላውና ስለማይበላው ሐኪሙን ደኅና አድርገህ ጠይቅ፤ ከዚያም ሰውየውን ከገበታው ከማራቅ ይልቅ ገበታውን ለእርሱ እንዲስማማ አድርገህ አሰናዳ። ለሳምንቱ ያድርሰን።