ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

ባለፈው ቅዳሜ ወረኢሉ ግቢያችን ውስጥ የፒክአፓችንን የዲናሞ ፑሊ ልንቀይር ከትልቁ ልጄ ጋር ኮፈኑን ከፈትን። እሱ ስለ መኪና የሚያውቀው ከስልኩ ነው። ውጭ አገር ሰዎች የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ እቤታቸው በትንሽ ሲቀይሩት ሞተሩ ጉልበት እንደሚጨምር ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ሱፐርቻርጀር በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ አየር ወደ ውስጥ የሚገፋ ዕቃ ነው። ፑሊው ሲያንስ ፈጥኖ ይዞራል፣ ብዙ አየር ያስገባል። እኛ ከ2,600 ሜትር በላይ የምንኖር ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ መኪና ዳገት ላይ ሲያቃስት እናውቃለን።

«ታዲያ አባዬ፣ የዲናሞውንም በትንሽ ብንቀይረውስ?»

ዲናሞ አየር አይገፋም፤ ፑሊው ካነሰ ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታውን ቶሎ ይጨርሳል አልኩት። በልኩ ገዝተን ነበር፣ እሱኑ አሰርን። ስንጀምር የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትቼ የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከትቻለሁ።

ቺንጋው ሲቀር እናቴ «ቡና ደርሷል» ብላ ተጣራች። ዞር ብዬ መልስ ሰጥቼ ስመለስ፣ ልጄ ቸኩሎ ባትሪውን አስሮታል፤ ጣቶቹ በቺንጋውና በፑሊው መካከል ናቸው። ትንሹ ወንድሙ መሪውን ጨብጦ ቁልፍ ይፈልጋል።

ኪሴን ዳበስኩ። አለ።

አልተቆጣሁም፤ ድምፄም አልወጣልኝ። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ሞተሩን ያስነሳነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔም ቁልፉን ለማንም አልሰጠሁም።