ፎርሙ አረንጓዴ ነው፤ ሶፍትዌሩስ የታለ?

ዲፕሎማ ያለው የአይሲቲ መምህር ስለ ሶፍትዌር ቡድን ምዘና ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባኛል። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ልጆች ትናንት እኔ ክፍል ተቀምጠው የነበሩ ናቸው። ደግሞ ጉዳዩ ፎርም መሙላት ከሆነ እኛ መምህራን ማንም አይቀድመንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጉርድ ሾላ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከአንዲት የድሮ ተማሪዬ ጋር ጀበና ቡና ይዘን ቁጭ ብለናል። ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ናት። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዋ ነው። ላፕቶፗን ከፍታ አንድ መጠይቅ አሳየችኝ። ርዕሱ «የአጃይል ብስለት መመዘኛ» ይላል። ስልሳ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 የሚሞላ።

አጃይልን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሶፍትዌሩን ሁለት ዓመት ደብቆ ሠርቶ በአንድ ቀን ከማስረከብ ይልቅ፣ ትንሽ ትንሽ እየሠሩ ለተጠቃሚው ማሳየት፣ እሱ ያለውን ሰምቶ ማስተካከል፣ እንደገና ማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ 17 የሶፍትዌር ሰዎች ተሰብስበው 4 እሴቶችና 12 መርሆዎች ያሉት አጭር ሰነድ አወጡ። ከመርሆዎቹ አንዱ የሥራ እድገት ዋናው መለኪያ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው ይላል። ስልሳ ጥያቄ ያለው ፎርም ነው የሚል የለበትም።

ወደ ቡናችን እንመለስ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ቡድናችን የሚሠራ ሶፍትዌር ለደንበኛ በየጊዜው ያደርሳል» የሚል ነበር።

«ስንት ሞላሽ?» አልኳት።

«አምስት።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ደንበኛ እጅ የገባው መቼ ነው?»

ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። «ቲቸር፣ አምስት ወር ሊሆነው ነው። ግን አለቃችን ከ4 በታች እንዳትሞሉ ብሎናል። ከሌሎቹ ቡድኖች ጋር ተወዳድረን ነው ቦነሱ የሚሰላው።»

ተናደድኩ። ስለ እውነት፣ ስለ ሙያ ክብር ልመክራት ጀመርኩ። ስኒዋን አስቀምጣ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ቲቸር፣ ረሱት እንዴ? ኢንስፔክሽን ሲመጣ ኮምፒውተር ላይ በሳምንት ሁለቴ እንለማመዳለን በሉ ያሉን እርስዎ ነዎት እኮ።»

ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እውነቷን ነው። ያኔ ከላብራቶሪው ኮምፒውተሮች ግማሾቹ አይበሩም ነበር። ልጆቹ ግን ባስተማርኳቸው መሠረት «አዎ እንለማመዳለን» አሉ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነጥብ አገኘ፣ እኛም ተጨበጨበልን። ኮምፒውተር ስለሌለን ኮምፒውተር አላገኘንም፤ «አለን» ብለናላ!

ወገን፣ እኛ ይህን ፊልም አይተነዋል። ቢፒአር መጣ፣ ሞላን። ቢኤስሲ መጣ፣ ዕይታና ክብደት እየሰጠን ሞላን። 1 ለ 5 ተባልን፣ ያልተሰበሰብነውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጻፍን። እኔ ራሴ ውጤቴ ከ90 በታች የወረደበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ሪፖርቱ ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ኩረጃው ጠበቅ ብሎ ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ፎርሙና እውነቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ ይህን ይመስላል።

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ባነሳው ሐሳብ ዛሬም ስሙ ይጠራል። መለኪያው ራሱ ግብ ከሆነ መለኪያነቱ ያበቃል ነው ነገሩ። ለእኛ መንደር ስተረጉመው፣ ለቴርሞሜትሩ ቦነስ ከከፈልክ ሰው ሁሉ ቴርሞሜትሩን በረዶ ውስጥ ይከትልሃል። ልጁ ግን ትኩሳቱ እንዳለ ነው።

መመዘኛ ሁሉ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ደህና የታሰቡ አሉ። ስፖቲፋይ የተባለው የስዊድን የሙዚቃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀው የቡድን ጤና ምርመራ አለ። ቡድኑ በአንድ ክፍል ይሰበሰባል፤ ስለ ኮዱ ጥራት፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ሥራው ደስ ስለማሰኘቱ ይነጋገርና አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይሰጣል። ዓላማው ቡድኑ ራሱን እንዲያይና አለቆቹም የት መርዳት እንዳለባቸው እንዲያውቁ ነው። የቡድኖች ውድድር አይደለም። እዚያ ቀይ ማለት «እርዱን» ማለት ነው። እኛ ጋ ቀይ ማለት «ማነው ጥፋተኛው?» ማለት ነው። ወረቀቱን ኮርጀን መንፈሱን እዚያው ትተነው መጣን።

«ታዲያ ሳይለካ እንዴት ይመራል?» የሚል ሥራ አስኪያጅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘብ የሚከፍል ሰው ምን እየተሠራ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው፤ «እመኑን» ብቻ መልስ አይሆንም። ግን ጌታዬ፣ ስልሳ ጥያቄ አያስፈልግዎትም። ሦስት ይበቃል።

አንደኛ፣ የሚሠራ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ተጠቃሚው እጅ የገባው መቼ ነው? ቀኑን ይንገሩኝ፤ «በየጊዜው» አይበሉኝ።

ሁለተኛ፣ ተጠቃሚው በተናገረው ምክንያት ምን ቀየራችሁ? አንድ ምሳሌ ይበቃል። ምንም ካልቀየራችሁ በየጠዋቱ ቆማችሁ የምታደርጉት ስብሰባ የእግር ስፖርት ነው።

ሦስተኛ፣ ትንሿ ልጅ አለቃው ፊት «ይሄ ነገር አይሠራም» ብላ በማግስቱ በሰላም ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች ወይ? ለእኛ አገር ከባዱ ይሄ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ሰው የሚፈራበት ቢሮ ውስጥ መጠይቅ ብትበትን ተሞልቶ የሚመለስልህ ፍርሃቱ ነው። ከ1 እስከ 5 ተከፋፍሎ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በፎርም መዋሸት ይከብዳል፤ ቀንና ሥራ ይጠይቃሉ። ሦስተኛውን ደግሞ ፎርም ጨርሶ አይመልሰውም። አለቃው ራሱ መጥፎ ዜና ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል በመስታወት ይየው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ አሁን ለእናንተ ነው። ያን ቀን «አዎ በሉ» ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አሳስቻችኋለሁ፤ ይቅርታ። አስራ ምናምን ዓመት የለፋሁት ፕሮግራም ጽፋችሁ ስህተቱን እንድታገኙ ነበር። ኮምፒውተር እኮ የሚወደድበት ምክንያት ይሄ ነው፤ አይዋሽላችሁም፣ ስህተት ካለ ቀዩን መስመር ያሳያችኋል። ቀዩን አይቶ የማይሸማቀቅ ሰው ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ይህን እየተማረ ያደገ ልጅ ቢሮ ገብቶ ቀዩን በአረንጓዴ እንዲቀባ ሲከፈለው ማየት ያመኛል።

ልጅቷን ስንለያይ «ታዲያ ምን ልሙላ?» አለችኝ። «እውነቱን ሙዪ» ማለት ቀላል ነበር፤ የቤት ኪራዩን ግን እኔ አልከፍልላትም። ስለዚህ ለእሷ ሳይሆን ለአለቃዋ ነው የምጽፈው። ወንድሜ፣ ቦነሱን ከመጠይቁ ለይተው። ከዚያ እንደገና አስሞላቸው። ቁጥሩ ሲወርድ አትደንግጥ፤ ቡድንህን ገና ያን ቀን ነው የምታየው።

አለቆች የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼም አላችሁ፤ አውቃለሁ። ያልተስማማችሁ ኮሜንት ላይ ጠብቃችኋለሁ። በጨዋ ደንብ!